ኦዴት ትግባ

ቬርና ለልጅቷ ካፖርት የገዛችው ገና ቁርጡ ሳይታወቅ ነበር። ልጅቷን አይታት አታውቅም። ኦዴት የባሏ ልጅ ናት፤ ባሏ ቬርናን ከማግባቱ፣ ለንደንንም በዓይኑ ከማየቱ በፊት፣ ግሬናዳ ውስጥ ጉያቭ በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ የወለዳት። እናቷ የሞተችው ልጅቷ ድክ ድክ ስትል ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻት የባሏ የኖሪስ እናት ማ ክሎዲ ናት። ቬርና ቁመቷን ከፎቶግራፍ ገምታ፣ እጅጌው ረዘም ያለውን መርጣ፣ ቡናማውን ካፖርት ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው።

ኖሪስ ቴልማክ ከስብሰባ ሲመለስ በሩን ሊዘጋ ሲል አየው።

«ይኼ ደግሞ የማን ነው?»

«የኦዴት።»

«መቼ መጣችና?»

«ስትመጣማ ብርዱ፣ ቆይ ካፖርት እስኪገዛልሽ ልታገስሽ አይላትም።» ቬርና በላምባ ምድጃው ላይ የተጣደውን ሾርባ አማሰለች። «ወረቀቱን ሞላኸው?»

ኖሪስ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ኖሪስ፣ አንተን እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። አልሞላም። ስንቴ ልንገርሽ?»

«እስክትሞላው ድረስ ንገረኛ።»

ያን ጊዜ በምዕራብ ለንደን፣ በላድብሮክ ግሮቭ ሠፈር፣ ኖሪስን የማያውቅ ጥቁር አልነበረም። በወጣትነቱ በመርከብ መጥቶ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ክፍል የሚያከራየው አጥቶ ካገሩ ልጆች ጋር አንድ አልጋ በፈረቃ ተኛ። አንድ ምሽት ነጭ ጎረምሶች የሥራ ባልደረባውን በሰንሰለት ደብድበው መንገድ ላይ ሲጥሉት፣ ከአስፋልቱ ላይ ያነሣው እሱ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ገበያው ማዕዘን ላይ የቀለም ቀቢ መሰላል አቁሞ ወጣና መናገር ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ከመሰላሉ የወረደ አይመስልም።

«ራሳችሁን ቻሉ!» ይላል። «ሱቁ የራሳችሁ፣ ትምህርት ቤቱ የራሳችሁ፣ ታሪኩም የራሳችሁ ይሁን። አፍሪካ ሰው እንጂ ሎሌ አልወለደችም። እዚህ አገር ደጅ ጠኚ አይደለንም። ኑ አውቶቡሳችንን ንዱልን፣ በሽተኞቻችንን አስታምሙልን ብለው የጠሩን እነሱ ናቸው። የተጠራ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አይለምንም!»

ሰው ይወደው ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቀልድ ያውቃል፤ ሲቆጣም ቁጣው የሰሚውን ደም ያሞቃል። የጥቁር ሕዝብ ማኅበር የሚሉትን ያቋቋመው እሱ ነው። ከቤት የተባረረ ተከራይ፣ ልጁን ፖሊስ የያዘበት አባት፣ ያለ ምክንያት ከሥራ የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሱን በር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የስደተኞቹን ልጆች ይሰበስባል። በገዛ እጁ የሣለውን የአፍሪካ ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፎ የነገሥታቱንና የወንዞቹን ስም ያስጠናቸዋል። ዓባይን ትንሽ አጣሞ ነበር የሣለው፤ ያረመው የለም። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ ከረሜላ ፍለጋ ኪሱን ይበረብሩታል፤ አንዱ ትከሻው ላይ ይወጣል። ቬርና አንዳንድ ቀን ልትጠራው መጥታ ከደረጃው ላይ ይኼንን ስታይ ደስ ሊላት ይጀምርና መሃል ላይ ይቀዘቅዛል።

ልጅን አያቱ ዘንድ ትቶ መሄድ፣ እግር ሲደላደል ማስመጣት፣ የደሴቶቹ ሰዎች ሁሉ ልማድ ነው። በዚያ ሠፈር አንድ ልጁን ባሕር ማዶ ያልተወ ወላጅ ጥቂት ነበር። ሕጉም ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ካልሞላው ወላጁ ዘንድ ይግባ ይል ነበር። በኋላ ግን ሌላ ተጨመረበት። ልጁ ከመነሣቱ በፊት የመግቢያ ፈቃድ ይያዝ፣ ወላጁም ማመልከቻ ሞልቶ ይጠይቅለት ተባለ። ብዙ ሰው እያጉረመረመ ሞላ። ኖሪስ መሰላሉ ላይ ወጥቶ «አትሙሉ!» አለ። «መብቱን የለመነ ሰው፣ ድሮም መብት አልነበረኝም ብሎ ፈረመ ማለት ነው። ዛሬ ለልጃችሁ ፈቃድ ከጠየቃችሁ፣ ነገ ለራሳችሁ ትጠየቃላችሁ።»

ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም። ይኼንን ቬርና እንኳ አትክድም።

አንድ እሑድ ከመሰላሉ ሥር ከቆሙት መሃል ሚስ አይቪ የምትባል የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ወንድም ኖሪስ! አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ እህቴ።»

«ሁለት ልጆች ጃማይካ ትቻለሁ። ወረቀት አትሙሉ አልከን፤ እሺ ብዬ ተውኩት። ያለ ወረቀት ባመጣቸው ደግሞ ከአውሮፕላኑ ሥር ይመልሱብኛል። እና ምን ይሁኑ? እዚያው ይሸብቱ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለመሆኑ ያንተስ ልጅ የት ናት?»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «በለው! ዛሬ ተያዝክ፣ ትንሽ ደሴት!» ብሎ ጮኸ። ጃማይካዎች ከትንንሾቹ ደሴቶች የመጣውን ሁሉ እንዲህ እያሉ ነው የሚያበሽቁት።

ኖሪስም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ጋለ። መሰላል ላይ የቆመ ሰው ለጥያቄ ዝም አይልም። አፉ ከልቡ ቀድሞ መለሰ።

«የኔ ልጅ ትመጣለች! ያለ ወረቀት ትመጣለች! እናንተም አብራችሁኝ ሄዳችሁ ትቀበሏታላችሁ። እሷ በገባችበት በር የሁላችሁም ልጆች ይገባሉ። ጋዜጠኛ ሁሉ ቆሞ እያየ አንዲት ሕፃን የሚመልስ ወንድ ካለ ደግሞ እናየዋለን!»

ጭብጨባው የገበያውን እርግቦች አስነሣ። ሚስ አይቪ ብቻ አላጨበጨበችም። «እንግዲህ እሷን እግዜር ይርዳት» ብላ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።

ቬርና ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ነው።

«ልጅ እኮ ናት እንጂ ባንዲራ አይደለችም» አለችው ማታ።

«ለሷም ስል ነው። አንገቷን ደፍታ እንድትገባ አልፈልግም።»

«ቀና ብላ መመለስስ?»

«አይመልሷትም።»

«ዓመት ሳይሞላ አሥራ ስድስት ትደፍናለች። ማ ክሎዲ ዓይኗ እየደከመ ነው። ዘንድሮ ካልገባች መቼም አትገባም፤ ታውቃለህ።»

«አይመልሷትም አልኩሽ!»

ኦዴት ከመምጣቷ በፊት በነበረው ቀን ኖሪስ ጸጉሩን ሊቆረጥ ላምበርት ዘንድ ሄደ። ላምበርት የባርቤዶስ ሰው ነው፤ ማኅበሩ ሲቋቋም የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በሱ ጸጉር ቤት ውስጥ፣ በሁለቱ ወንበሮች ላይ ነው። እሱም ብሪጅታውን ላይ ከእህቱ ዘንድ የተወው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው።

«ወረቀቱን ሞልተህ አምጥተሃት፣ ከገባች በኋላ ብትጮህ ምን ነበረበት?» አለ ላምበርት ማበጠሪያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ። «ጩኸት እንደሁ አያልቅብህ።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለልጅቷ?»

«ለሕዝቡ።»

«ሕዝቡ ጉያቭ ሄዶ ዓሣ አይጠብስላትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠው።»

«ብቆርጠውስ? ድሮም አትሰማበት» አለ ላምበርት፤ ሁለቱም ሳቁ። ሲጨርስ በነጩ ጨርቅ አንገቱን ጠርጎለት፣ በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አየውና «እኔ እነዳችኋለሁ» አለ።

ኦዴት የደረሰችው ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት ነው። የማኅበሩ ሰው በኪራይ አውቶቡስ፣ በላምበርት አሮጌ መኪና፣ በባቡርም መጥቶ የአውሮፕላን ማረፊያውን ደጅ ሞላው። ከበሮ አምጥተዋል። «ኦዴት ትግባ!» የሚል ሰፊ ጨርቅ በሁለት እንጨት ወጥረዋል። ጋዜጠኞችም መጥተው ነበር። ቬርና ካፖርቱን ክንዷ ላይ አጥፋ ከዳር ቆመች። ወደ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደለት አባትየው ብቻ ነው ተባለ፤ ቬርና ሮጣ ካፖርቱን አስያዘችው።

ልጅቷ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጭ የቅዳሴ ቀሚሷን ለብሳ፣ የገለባ ባርኔጣ አድርጋ፣ በገመድ የታሰረች ሻንጣ እግሯ ሥር አኑራለች። ከሻንጣው የገውዝ ቅመም ሽታ ይወጣል፤ ማ ክሎዲ ካለ ገውዝ ሰው አትሸኝም። ኖሪስ በሩ ላይ ቆመ። ትቷት ሲሄድ ጉልበቱን አቅፋ የምትይዝ ሕፃን ነበረች።

ኦዴት ብድግ አለች። «ደህና አደሩ ጌታዬ» አለች፣ ጉያቭ ላይ ልጅ ለማንም ትልቅ ሰው እንደሚለው።

«እኔ ነኝ እኮ። አባትሽ።»

«አዎ ጌታዬ። በፎቶው አውቅዎታለሁ።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቃል አጥሮት የማያውቅ ሰው ካፖርቱን ዘርግቶ «ልበሺው፤ ይበርዳል» ብቻ አለ። ለበሰችው። ቬርና አልተሳሳተችም፤ እጅጌው ልክክ አለ።

ከውጪ ከበሮውና ጩኸቱ ይሰማል።

«ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?» አለች ኦዴት።

«አንቺን እየጠሩ ነው።»

«እኔን? ያውቁኛል እንዴ?»

«ለንደን ሁሉ ያውቅሻል» አለ ኖሪስ ፈገግ ብሎ። ልጅቷ ግን ፈገግ አላለችም። ወደ ጫማዋ አየች።

የመግቢያ ሹሙ መነጽር ያደረገ፣ ጡረታው የተቃረበ ሰው ነበር። አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ኖሪስ ቢሰድበው በወደደ፤ ለስድብ መልስ ያውቃል። ሰውየው አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከላዩ ብዕር አጋደመ።

«ሚስተር ቴልማክ፣ ልጅዎ መሆኗን የሚጠራጠር የለም። ዕድሜዋም ገና ነው። የጎደለው ፈቃዱ ነው። ፈቃድ ሳትይዝ መምጣቷን አምነው፣ በልዩ አስተያየት ትግባልኝ ብለው ከዚህ ላይ ይጠይቁና ይፈርሙ። እኔ አስገባታለሁ፤ ሥልጣኑ አለኝ።»

«ትግባልኝ ብዬ?»

«ቃሉ እንዲያ ነው።»

«ልለምን ማለት ነው።»

«ልጅዎን ይዘው ወደ ቤትዎ ይሂዱ ማለት ነው።» ሹሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ውጪ ያለው ሕዝብ ይኼንን ወረቀት አያየውም።»

«እኔ አየዋለሁ» አለ ኖሪስ።

ቢሆንም ብዕሩን አነሣው። ኋላ ዘመኑን ሁሉ ያስታወሰው ይኼንን ነው፤ ብዕሩን አንሥቶ ነበር። ኦዴት ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሆና እጁን ታያለች። የሚጻፈው ሁለት መስመር ነው። በዚያች ቅጽበት ከውጪ የሚስ አይቪን የመሰለ ድምፅ ሰማ፤ ይሁን አይሁን አላወቀም። መሰላሉ፣ የተናገረው ቃል፣ «አትሙሉ» ያላቸው እናቶች ፊት አንድ ባንድ መጡበት። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ያጠፋውም ይኼ ነው። አይደፍሩም፣ አለ በልቡ። ያን ሁሉ ጋዜጠኛ በር ላይ አቁመው ልጅ አይመልሱም። ይኼ ሰው የሚለምነኝ ፈርቶ ነው።

ብዕሩን ከነበረበት መለሰው።

«በመብቷ ትገባለች» አለ።

«ካልሆነስ?»

«በመብቷ ትገባለች።»

ሹሙ ወረቀቱን አጠፈው። ኖሪስ ወደ ልጁ ዞሮ ጎንበስ አለ። «ትንሽ ብቻ ታገሺ። እዚህ ያሳድሩሻል፤ ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች።

ሲወጣ ሕዝቡ ትከሻው ላይ አነሣው፤ ይዞት በመጣው መሰላል ላይም አወጣው። ጣቱን ወደ ሕንፃው ቀስሮ ሲናገር ጋዜጠኞቹ ፎቶ አነሡት። የዚያን ቀን የተናገረውን ያህል አምሮለት ተናግሮ አያውቅም ይላሉ የነበሩ ሰዎች። ቬርና ከሥር ሆና ትጠብቀው ነበር፤ ሲወርድ ከጀርባው አየች።

«የታለች?»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ላምበርት እየነዳ፣ ነገሩን ሁሉ ነገራት። በኩራት ነው የነገራት።

«ብዕር ሰጥተውህ ነበር?» አለች ቬርና።

«ሰጥተውኝ ነበር።»

«አነሣኸው?»

«አነሣሁት፤ ግን...»

ቬርና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ላምበርትም የመኪናውን መስታወት አስተካከለ።

በማግሥቱ ማለዳ ኖሪስ ከጠበቃ ጋር ሲደርስ ኦዴት የለችም። በመጀመሪያው አውሮፕላን በባርቤዶስ በኩል መልሰዋታል።

የዚያን ሳምንት የኖሪስ ፎቶግራፍ ያልወጣበት ጋዜጣ አልነበረም። ማኅበሩ አዳራሽ አልበቃው አለ፤ ከበርሚንግሃም፣ ከሊድስ ሳይቀር «መጥተህ ተናገርልን» እያሉ ጠሩት። በላድብሮክ ግሮቭ ግንቦች ላይ «ኦዴት ትግባ» የሚለው በነጭ ቀለም ተጻፈ። ልጅቷ ገብታ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ አይሆንም ነበር፤ ኖሪስ ይኼንን ያውቃል፤ ማወቁም ሌሊት ሌሊት ይቆረቁረው ጀመር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይወዳል። ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲጎተት፣ በየካቲት ወር፣ ኦዴት አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። በሩ ተዘጋ።

በዚያው ክረምት ላምበርት ልጁን አስመጣ። ወረቀቱን ሞልቶ፣ ፈርሞ። ኖሪስ የሰማ ዕለት ጸጉር ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ ገባ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።» ላምበርት የሚላጨውን ሰው አገጭ እንደያዘ ቀና አለ። «ፈረምኩ። እጄ ይቺውና፤ አልወደቀችም። ልጄም ላይኛው ፎቅ ተኝቷል። ከፈለግህ ውጣና እየው።»

«የማኅበሩን ቃል አፍርሰሃል።»

«ያንተን ልጅ ሲመልሷት እያየሁ፣ ደግሞ የኔን ላስመልስ? ወንድሜ፣ እኔ እንዳንተ ልብ የለኝም።»

ኖሪስ በዚያች ሰዓት «ደግ አደረግህ» ቢል ከብዙ ነገር በዳነ ነበር። ግን ላምበርት ትክክል ከሆነ እሱ ራሱ ምን እንደሆነ ሊያስበው አልቻለም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በሚቀጥለው ስብሰባ ላምበርት ከማኅበሩ እንዲወጣ አስወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉሩን ቬርና ቆረጠችለት፤ አትችልበትም ነበር፤ እሱም አንድ ቀን አላማረረም።

ማ ክሎዲ ስትሞት ኖሪስ በአንድ ሰልፍ ሰበብ ታስሮ ነበርና አልቀበራትም። የቀበረቻት ኦዴት ናት። ከዚያ በኋላ ኦዴት እንግሊዝ አገር ልምጣ ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም «ነይ» ማለት አፈረ። በገና ካርድ ይላላካሉ። ማግባቷን፣ መውለዷን የሰማው በካርድ ነው።

ዓመታት አለፉ። የሚስ አይቪ ልጆችም መጡ፤ እሷም ኋላ ሞልታ ነበር። ትልቁ አስተማሪ ሆኖ በየመድረኩ «እኛን ሰው ያደረገን ወንድም ኖሪስ ነው» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርታው ሥር ከተቀመጡት ልጆች ውስጥ ጠበቃ፣ አዋላጅ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል የሆኑ አሉ። በኋላ የማኅበሩን አዳራሽ በስሙ ሲሰይሙለት ግንቡ ላይ ያንን ፎቶግራፍ አጉልተው ሰቀሉት፤ መሰላሉ ላይ ሆኖ ጣቱን የቀሰረበትን። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ኖሪስ ፎቶግራፉን አየ። ከቀሰረው ጣት ወዲያ ሕንፃው አለ፤ የሕንፃው መስኮት ይታያል። ያን ጊዜ ከዚያ መስኮት ውስጥ ማን እንደነበረች ከአዳራሹ ሰው አንዱም አላሰበም። ቬርና በሕይወት ብትኖር ታስብ ነበር፤ ቬርና ግን ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል።

ወደ በሩ ሲያመራ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ተነሣ። ላምበርት ነበር።

«ይኼን ጸጉርህን የቆረጠው ሰው ይታሰር» አለ።

ኖሪስ ሊስቅ ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ላምበርት ክንዱን ይዞ አስወጣው፤ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ቆረጠው።

«ሂድ» አለው መቀሱን አቁሞ።

«የት?»

«የት እንደሆነ ታውቃለህ። አርጅተናል፣ ኖሪስ። እሷም እያረጀች ነው።»

ጉያቭ ሲደርስ ያወቀው ሰው አልነበረም። ከባሕሩ ዳር ያለውን መንገድ ይዞ፣ በልጅነቱ እናቱ ትሠራበት ወደነበረው የገውዝ መለያ ቤት ሄደ። ትልቅ የእንጨት ሕንፃ ነው፤ ሽታው ከመንገዱ ይቀበላል። ውስጡ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ፍሬውን በጣታቸው እየዳሰሱ ደህናውን ከነቀዙት ይለያሉ። ኦዴትን በአያቷ ግንባር አወቃት። ሽበት ጀምሯታል። የሴቶቹ አለቃ እሷ ናት፤ ሳትጮህ ታዛለች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችው። ዱካ አስመጣችለት። «ይቀመጡ። እስከ ምሳ አልነሣም፤ የሚጫን አለ።»

ተቀመጠ። አውሮፕላን ውስጥ ያዘጋጀው ቃል ነበረው፤ ወደ አፉ ሲመጣ ግን የወጣው የሕጉ ታሪክ ሆነ፤ ያን ጊዜ መንግሥቱ ምን እንዳሰበ፣ ማኅበሩ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ። ኦዴት እጇ እየሠራ ሰማችው። አላቋረጠችውም። በመጨረሻ ራሱ ደከመው።

«የዚያን ዕለት ማታ» አለች እሷ፣ «አንዲት ጠባቂ ነበረች። ሻይ በወተት ሰጠችኝ፤ የምትለው አልገባኝም። ተኚ ስትለኝ ባርኔጣዬን አላወለቅሁም። ጠዋት ሲመጡ ዝግጁ ልሁን ብዬ።» አንድ የነቀዘ ፍሬ ወደ ጎን ጣለች። «ያ ሁሉ ሰው ስሜን ይጠራ ነበር። ሲመሽ እየተቀነሰ፣ እየተቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ያኔ እንግዲህ እሱም ሄደ አልኩ።»

ኖሪስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አየ።

«መፈረም ነበረብኝ» አለ።

በሕይወቱ ለማንም፣ ለቬርናም እንኳ፣ ይኼን ብሎ አያውቅም። የኦዴት እጅ ቆመ። ጥቂት ቆየና እንደገና ፍሬውን መዳሰስ ጀመረ።

«አዎ» አለች በቀስታ። «ነበረብዎት።»

ኖሪስ ሌላ የምትለው ያለ መሰለው፤ ጠበቀ፤ አልነበረም። ቂም የያዘ ሰው ፊት አላየባትም። ቂም ቢሆን ይነጋገሩበት ነበር።

የምሳ ፊሽካ ተነፋ። ሴቶቹ ከጓሮው፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ የዳቦ ፍሬ የሚሉት የዛፍ ፍሬና ጨዋማ ሥጋ በኮኮነት ወተት የበሰለበትን ትልቅ ድስት ከበቡ። ኦዴት ዱካውን ራሷ ተሸክማ አወጣችለት። በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጠው ሴትዮ ጥርስ በሌለው አፏ እየሳቀች መረመረችው።

«ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ከየት የወደቀ ነው? የኛን አገር መልክ አለው። የማን ነህ አንተ?»

በጉያቭ ሰው ስሙን አይጠየቅም፤ የማን እንደሆነ ነው የሚጠየቀው። ኖሪስ ወደ ኦዴት አየ። ሴቶቹም ወደ እሷ አዩ። ድስቱን ከፍታ እንፋሎቱ ፊቷን እስኪያልፍ ጠበቀች።

«የማ ክሎዲ ልጅ ነው» አለች። «እንግሊዝ አገር የነበረው።»

«ውይ፣ የማ ክሎዲ!» አለች አሮጊቷ። «እናትህ እኮ ጎረቤቴ ነበረች፤ እንደሷ ያለች ጉረኛ የት ይገኛል! ጠጋ በሉለት እናንተ፤ የኛ ሰው ነው።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት። ኖሪስ፣ ኦዴት ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ብሎ ትንሽ ጠበቀ። እሷ ግን ለጭልፋው ጎንበስ ብላ ነበር። ሳህኑን ሞልታ በሁለት እጇ አቀበለችው።

«ትኩስ ነው» አለችው። «ይጠንቀቁ።»